«ካረጁ አይበጁ» ላሉን ወንድሜ፦ ከድሬዳዋ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ያመጣችልኝ የአንዲት ተማሪዬ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ይኼን አይተሽዋል?» አለችኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

ጽሑፉ ስለ ሴቶች ማኅበራትና ስለ ጎልማሶች ትምህርት ነው። አምስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ የሴቶች ማኅበር ማለት ቡና እየጠጡ ወሬ ማውራት ነው፤ ለሴቶች የመጣ ለውጥ ካለ ያመጣው የመንግሥት ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ አርባ ዓመት ያለፋትን ሴት ፊደል ማስቆጠር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ካረጁ አይበጁ፤ ገንዘቡ ለትንንሽ ልጃገረዶች ይዋል። ሦስተኛ፣ ማኅበራቱ ትዳር ያፈርሳሉ። አራተኛ፣ ሴትን የሚያስከብራት ብር እንጂ ፊደል አይደለም፤ ስለዚህ ብድር ይሰጣት። አምስተኛ፣ ወንዱን ያገለለ እኩልነት እኩልነት አይባልም።

እኔ ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት የጎልማሶች ትምህርት ላይ እሠራለሁ። በወረቀት ላይ ስማችን «አመቻች» ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ቲቸር ይሉኛል። አብዛኞቹ የእናቴ እኩዮች ናቸው። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ ክፉ ሰው ናቸው ብዬም አላስብም። ያሉት ግን ትክክል አይደለም። ተራ በተራ እመልሳለሁ። ሦስተኛውን ነጥብ ብቻ ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ፤ በጣም ያመመኝ እሱ ነው።

ሕጉን ያመጣው መንግሥት ነው ብለዋል። ፈርሞ ያወጀው መንግሥት መሆኑ እውነት ነው። ግን ወንድሜ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይል ነበር። ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዛል። ወንድ 18 ዓመት ሳይሞላው አያገባም፤ ሴት ልጅ ግን በ15 ዓመቷ መዳር ትችላለች። ይህ ሕግ አርባ ዓመት ሠራ። ንጉሡ ወረዱ፣ ሕጉ ባለበት ቀረ። ደርግ ወደቀ፣ ሕጉ ባለበት ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በትዳር ውስጥ ከወንዶች እኩል መብት አላቸው ካለ በኋላም ያ ሕግ በሥራ ላይ ነበር።

ታዲያ ማን ነቀነቀው? በ1980ዎቹ መጨረሻ ጥቂት ሕግ የተማሩ ሴቶች ተሰባስበው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዷ ኋላ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ማኅበሩ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች በነፃ ቆመ። ተጠልፋ ጠላፊዋን በመግደል ለተከሰሰች የ14 ዓመት የአርሲ ልጅ ተከራክሮ ነፃ አስወጣት። አሮጌው የቤተሰብ ሕግ ይቀየር ብሎ ዓመታት ወተወተ። አዲሱ የቤተሰብ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1992 ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። «የቤተሰቡ አለቃ» የሚለው ነገር ጠፋ። ሕጉ በቀጥታ የሚሠራው ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ በሆኑ ከተሞች ስለሆነ አዲስ አበባንና የእኛን ድሬዳዋን ይመለከታል። አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸውን ገና ሳያወጡ የድሬ ሴት ሕጉ በእጇ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣቸዋለሁ። ከላይ ታዝዞ የሚቋቋም ማኅበር አይተናል። በደርግ ጊዜ አኢሴማ፣ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ ነበረ። እናቴ አባል ነበረች። ሰልፍ ውጡ ሲባሉ ይወጣሉ፣ አጨብጭቡ ሲባሉ ያጨበጭባሉ። ይህን አልክድም። በኋላም ቢሆን የ2001 የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ብዙዎቹ ተዳከሙ። አዋጁ የተቀየረው በ2011 ነው። አስር ዓመት እጃቸው ታስሮ የቆዩትን «ምን ሠሩ?» ብሎ መጠየቅ ፍትሕ አይመስለኝም።

ቡናና ወሬ ስለተባለው ደግሞ አንድ ሌሊት ልንገራቸው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ መጣ። ድሬ የነበረ ሰው አይረሳውም። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሲነጋ በሰፈራችን መጀመሪያ ድስት የጣዱት የአፎሻ ሴቶች ናቸው። አፎሻ የእኛ እድር ነው፤ ሐረር ከወጣችሁ አፎቻ ይሉታል። ማን ቤት ስንት ሰው እንዳለ ያውቁ ነበር። በየሳምንቱ ቡና ሲጠጡ የሚያወሩት እሱን ነዋ! ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ የማን ልጅ ከጅቡቲ እንደመጣ። የጠፋ ሰው ስም ሲጠየቅ ከማንም በፊት የመለሱት እነሱ ናቸው። ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ ጎደላቸው። ስሙን የሚጽፍ ሰው። እኔ ደብተር ይዤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እነሱ ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ይህን ሥራ የጀመርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ ልቤ ውስጥ የገባው ያን ቀን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ካረጁ አይበጁ።

አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ባሏ ከአንድ አበዳሪ ገንዘብ ወሰደ። አንድ ቀን ከሰዓት ወረቀት ይዞ መጣ። «የመብራት ቆጣሪ ማመልከቻ ነው» አላት። ቀለም አመጣ። አውራ ጣቷን ነክራ አሳረፈች። ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አበዳሪው በር ላይ ቆመ። ወረቀቱ ለብድሩ ዋስ ነሽ ይላል። «አሻራሽ ይኸው!» አላት። አክስቴ አለቀሰች፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ ሽማግሌ ገባ። ቤቱ ተሸጠ። ጸሐፊው በጽሑፋቸው መሃል «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት አምጥተዋል። አክስቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በወንድ አለቀ። ቤቷም አብሮ አለቀ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሕጉ ከአክስቴ ጎን ነበር። ያ አሮጌው የ1952 ሕግ እንኳ በአንቀጽ 1728 ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ ውልን የሚያጸድቅ ሹም፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የአክስቴ አሻራ ያረፈው በረከቦት ጠርዝ ላይ ነው። ዳኛም መዝጋቢም አልነበረም። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ ቤት ለመሸጥም፣ ለማስያዝም፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ በዚያ መጠን ዋስ ለመሆን የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። አንዱ ሳይስማማ ከተደረገ ሌላው ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲሻር መጠየቅ ይችላል። ግን ጊዜ አለው። ካወቀበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። ምንም ቢሆን ውሉ ከተደረገ ከ2 ዓመት በኋላ አይቻልም።

እነዚህን አንቀጾች ለአክስቴ የነገራት ሰው አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር። ያወቅኳቸው ይህን ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ ከሴቶች ማኅበር የመጣች አንዲት የሕግ ባለሙያ ክፍላችን ውስጥ ቆማ ስታስረዳ። ሰሌዳው ላይ «68» ብላ ጻፈች። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት «አዴ» የምንላቸው ትልቅ ሴት እጃቸውን አወጡ። «አቦ፣ ይኼ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ። «ከ1992» አለቻቸው። ዝም አሉ። እኔም አክስቴን እያሰብኩ ዝም አልኩ።

ጸሐፊው ሕጉ በቂ ነው ባሉበት ቦታ እኔ የማየው ይህን ነው። ሕጉ ወጣ፣ ድሬ ገባ፣ አክስቴ ቤት ግን አልደረሰም። ለማድረስ ሁለት ነገር ይፈልጋል። የሚነግራትና አብሯት የሚቆም ማኅበር፣ እና ወረቀቱን ራሷ የምታነብበት ዓይን። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው።

ገንዘቡ ለልጃገረዶች ይዋል ስለተባለው። ሲሰሙት ደግ ሐሳብ ይመስላል። ግን እናትና ልጅን ምን አጣላቸው? ክፍሌ ውስጥ ካሉት አንዷ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት። ስትመዘገብ ለምን መማር እንደፈለገች ጠየቅኳት። «ልጄን ከትምህርት ቤት ከመቅረት ላሳርፋት» አለችኝ። አልገባኝም። በኋላ ነው የገባኝ። ቀበሌ ስትሄድ ልጅቷን ይዛ ትሄዳለች፣ ወረቀት እንድታነብላት። ሐኪም ቤት ስትሄድ ይዛት ትሄዳለች፣ የክፍሉን ቁጥርና የመድኃኒቱን ጽሑፍ እንድታነብላት። የመብራት ክፍያ፣ የውሃ ክፍያ፣ ሁሉም ከልጅቷ ጋር ነው። ልጅቷ አምስተኛ ክፍል ናት፤ በወር ሦስት አራት ቀን ትቀራለች። የእናቷ ዓይን ሆና ነው የምትቀረው። ወንድ ልጅም አላት፤ እሱን አትወስደውም። እሱ «ትምህርቱ ይበላሽበታል»። ይኼውላችሁ። እናትየው ማንበብ ስትጀምር መጀመሪያ ነፃ የወጣችው ልጅቷ ናት። ከልጃገረዶች ትምህርት የተነጠቀ ገንዘብ አይደለም፤ ለልጃገረዷ የዋለ ገንዘብ ነው።

ቁጥርም ከተፈለገ አለ። በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ማንበብ የሚችሉት ወንዶች 69 በመቶ፣ ሴቶች 42 በመቶ ናቸው። ይህ ልዩነት ትንንሾቹን ብቻ በማስተማር አይዘጋም። ዛሬ 35 ዓመቷ የሆነች ሴት ገና ሌላ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ትኖራለች። ትፈርማለች፣ ትነግዳለች፣ ልጅ ታሳድጋለች። እሷን አርጅታለች ብሎ መተው ማለት ያን ሁሉ ዘመን በአሻራ ኑሪ ማለት ነው።

«መሠረተ ትምህርትስ ምን ፈየደ?» የሚል ሐሳብም ጽሑፉ ውስጥ አለ። በ1971 የተጀመረው ዘመቻ ማለታቸው ነው። በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ግን እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ተምሮ መልሶ ረሳው። እናቴ ያን ጊዜ በፋኖስ የተማረች ናት። ጎረቤቶቿ ሲረሱ እሷ አልረሳችም። ለምን መሰላችሁ? የሰፈሩ ዕቁብ ጸሐፊ አደረጓት። በየሳምንቱ እሁድ ስም ትጽፋለች፣ ብር ትጽፋለች፣ ዕጣ የደረሰውን ታከብባለች። ደብተሮቿ አሁንም ሣጥን ውስጥ አሉ። ፊደሎቹ ዘመም ዘመም ያሉ ናቸው፤ ሂሳቡ ግን አንድም ቦታ አልተሳሳተም። ጎረቤቶቿ የተማሩት አንድ ዓይነት ትምህርት ነው። ልዩነቱ እናቴ የምታነብበትና የምትጽፍበት የሴቶች ስብስብ ነበራት። ዘመቻው ያለቀ ቀን የጎረቤቶቿ ደብተር ተዘጋ። የእሷ አልተዘጋም።

ዛሬም ያለው ፕሮግራም፣ «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» የሚባለው፣ ስሙ ራሱ ይህንኑ ይላል። ከሥራ ጋር፣ ከኑሮ ጋር ይያያዝ ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ አይያያዝም። አንድ ጊዜ የእኛን ክፍል ቀን ሰባት ሰዓት ላይ አደረጉት። ግማሾቹ ተማሪዎች ጫት ነጋዴ ናቸው። ከአወዳይ የመጣው ጫት የሚሸጠው በዚያ ሰዓት ነው! ማን ይመጣል? አራት ሰው መጣ። ከዚያ «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ተብሎ ሪፖርት ተጻፈ። ሰዓቱን ወደ ማታ ያስቀየሩት የአፎሻቸው ሴቶች ናቸው፤ ሰባት ሆነው ቢሮ ድረስ ሄደው። በሚቀጥለው ወር ክፍሉ ሞላ። ቋንቋውም እንደዚሁ ነው። በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የምታስብን ሴት መጀመሪያውኑ በአማርኛ ፊደል አስጀምሮ ቶሎ አልገባትም ማለት ነውር ነው። ድሬ ላይ እኮ አንድ ዓረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ የሚያወራ ሕዝብ ነው ያለው።

አራተኛው ነጥብ ብር ነው። እኔም ብድሩን እደግፋለሁ። ግን ያነበበችና ያላነበበች ሴት ከአንድ ብድር አንድ ዓይነት ነገር አያገኙም። ከተማሪዎቼ አንዷ ጫት በዱቤ የምትሸጥ ናት። ዱቤውን በጭንቅላቷ ነበር የምትይዘው። ደንበኛው «ከፍዬሻለሁ» ሲላት «እሺ» ትላለች፤ ምን ትላለች ሌላ? አሁን ትንሽ ደብተር አላት፤ ስምና ቁጥር። ስልኳ ላይ ያለውን ቴሌብር ደግሞ ልጇ ነበር የሚከፍትላት። ሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው እሱ ነው። ስሙ የእሷ ብር ነው፣ ቁልፉ ግን ኪሷ ውስጥ አልነበረም። ይኼን ነው ብር ብቻ በቂ አይደለም የምለው።

አምስተኛው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ እንስማማለን። ወንዱ ይምጣ። በራችን ክፍት ነው፤ ሦስት ወንድ ተማሪዎችም አሉን። ነገር ግን ወንዱን አገለሉ የተባሉት ማኅበራት እውነት አግልለዋል ወይ? በ1989 በከምባታ ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ ማኅበር አቋቁመው የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ሲነሱ የሠሩት ሽማግሌውን፣ ወጣቱን፣ ሴቱን፣ ወንዱን አንድ ላይ አስቀምጦ በማነጋገር ነው። ሳትገረዝ የተዳረች ሙሽራ ሠርግ በአደባባይ የተደገሰው ሙሽራውም ስለተስማማ ነው። በ2008ቱ ጥናት መሠረት በእኛ ድሬዳዋ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የተገረዙ ናቸው። ይህን ለማስቆም ወንዱ ያስፈልገናል። አባት «ልጄን አላስገርዝም» ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ። ብቻ አባት ይህን እንዲል እናት መጀመሪያ የምትናገርበት ቦታ ያስፈልጋታል። ባሏና አማቷ በተቀመጡበት ጀምሪ ብትሏት አትጀምርም። ለዚህ ነው ሴቶቹ አንዳንዴ ለብቻቸው የሚቀመጡት።

እንግዲህ ሦስተኛው። ትዳር ያፈርሳሉ የተባለው።

አንድ ተማሪዬ ፊደል ከጨረሰች በኋላ ቤት ውስጥ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ማንበብ ጀመረች። የሻይ ቅጠል ካርቶን ሳይቀር ታነብባለች። አንድ ቀን የቤቱን ካርታ አገኘች። ቤቱን ከባሏ ጋር ነው የሠሩት፤ ድንጋይ አብራ ተሸክማለች። ካርታው ላይ ያለው የእሱ ስም ብቻ ነው። ጠየቀችው። ተቆጣ። «ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?» አለ። ለአንድ ሳምንት አልተነጋገሩም። የአፎሻ ትልልቅ ሴቶች ሄደው አነጋገሩት። እኔም ሄጄ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም። ስሟን ሆን ብሎ አልተወውም፤ ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አላሰበውም። ሁለቱ ስም ገባ። ዛሬም አብረው ናቸው። የዚህ ዓይነቱን ግን ማንም አይቆጥረውም። ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሚገኘው የፈረሰው ብቻ ነው።

ደግሞ ድሮስ ትዳር አይፈርስም ነበር? ይፈርስ ነበር። ሴትየዋ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች፣ አለቀ። መዝገብ የለ፣ ክፍፍል የለ። አሁን ፍርድ ቤት ሄዳ የጋራ የሆነውን እኩል ትካፈላለች። ፋይሉ በዛ ማለት መከራው በዛ ማለት አይደለም። መከራው ወረቀት ላይ ወጣ ማለትም ሊሆን ይችላል።

ግን አልዋሽም። ከእኛ ክፍል ተምራ ከትዳሯ የወጣች ሴት አለች። አሥራ አንድ ዓመት ተደብድባለች። ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው። ማመልከቻዋን ራሷ ጻፈች። ሦስት ጊዜ ቀዳችው፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። እኔ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው ያስተካከልኩላት። ጸሐፊው ይህን ትዳር እኛ አፈረስነው ካሉ፣ ዱላውን ማን ያዘው ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።

ሴትየዋ አሁን ሳቢያን አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። የኪራይ ውሉ ሲመጣላት «ቆይ» ብላ ተቀመጠች። ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች አነበበችው። አከራይዋ ቆመው ጠበቋት። አራተኛው መስመር ላይ ያለው አልተስማማትም። አስቀየረችው፣ ከዚያ ፈረመች።